ለአምስት ላም የሚበቃ የገፈራ ጉድጓድ አሠራር፦ ከልኬቱ እስከ አፉ መክፈቻ

የወተት ላም ያለው ቤተሰብ ጭንቀቱ የሚጀምረው በመጋቢት ነው። በመስከረም ጉልበት ድረስ የነበረው ሣር አልቋል፤ ድርቆሹም ወደ ማለቁ ነው። 55 ቀን የቆየው ዐቢይ ጾም ተፈትቶ ፋሲካ ሲገባ የወተት ፈላጊው ይበዛል፤ ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ግን የሚታለብ ነገር አይኖራትም። መራዊና ዱርቤቴን ለመሰለ የበቆሎ አገር መፍትሔው ማሳው ላይ አለ። በቆሎው ከነእሸቱ ታጭዶ፣ ተከትፎና አየር እንዳያገኘው ታፍኖ ሲቀመጥ ገፈራ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን ሳይሌጅ የምንለው ነው። በጥቅምት የታፈነው እርጥብ መኖ በግንቦት ከነጣዕሙ ይገኛል።

ከዚህ በታች የማሳየው አምስት የተዳቀሉ የሚታለቡ ላሞች ላሉት ቤተሰብ፣ ውሃ በማይቋጥር ተዳፋት ቀይ አፈር ላይ፣ በድንጋይ ግንብ የሚሠራ ቋሚ ጉድጓድ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ የጉድጓዱን ስፋት የሚወስነው ያለዎት ቦታም ሆነ ገንዘብ አይደለም፤ ላሞችዎ በቀን የሚበሉት መጠን ነው። ሰፊ ጉድጓድ ሲያዩት ደስ ይላል። ሲከፈት ግን ከላሞቹ ቀድሞ ሻጋታ ይበላዋል።

ግንባታው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቢያልቅ ጥሩ ነው። አፈሩ ደረቅ ነው፣ ድንጋይና አሸዋ ማጓጓዝ ይቀላል፣ ሲሚንቶውም በቆሎው እስኪደርስ በደንብ ይጠነክራል።

መጀመሪያ ስሌቱ

የምትታለብ የተዳቀለች ላም ከድርቆሽና ከተጨማሪ መኖ ጋር በቀን 20 ኪሎ ያህል ገፈራ ትበላለች። ለአምስት ላም 100 ኪሎ ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው 180 ቀን ሲሰላ 18,000 ኪሎ ወይም 180 ኩንታል ይሆናል። ሲብላላ፣ ፈሳሽ ሲወጣውና ዳር ዳሩ ሲበላሽ 15 በመቶ ያህል እንደሚጠፋ ከቆጠርን፣ ወደ ጉድጓዱ መግባት ያለበት 21 ቶን ገደማ ነው። በእግርና በበርሚል በደንብ የተረገጠ ገፈራ በአንድ ሜትር ኩብ 500 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ የሚያስፈልገው ቦታ 42 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ያቆምና አራት ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ያስቆፍራል። ዋናው ስሌት ግን ገና አልተነካም። ገፈራ ከተከፈተ በኋላ በአፉ በኩል አየር ይገባዋል፤ በሞቃት ወራት በጥቂት ቀናት ውስጥ መሞቅና መሻገት ይጀምራል። ይህን የሚያመልጡት ከፊቱ ላይ በየቀኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየቀነሱ ሲሄዱ ነው። 100 ኪሎ ገፈራ 0.2 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። 0.2ን ለ0.10 ሲያካፍሉ 2 ይመጣል። ስለዚህ የጉድጓዱ አፍ ከ2 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም።

የአንዱ አፍ ስፋት ወለሉ ላይ 1.40 ሜትር፣ አናቱ ላይ 1.60 ሜትር፣ ከፍታው 1.30 ሜትር ቢሆን አፉ 1.95 ካሬ ሜትር ይሆናል። 42 ሜትር ኩብ ለመያዝ ርዝመቱ 22 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይህን 22 ሜትር በአንድ መስመር ከመሥራት፣ 11 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን አድርጎ መሐላቸውን በአንድ ግንብ መለየት በጣም ይሻላል። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ቀን ሞልቶ ሊታፈን ይችላል፤ አንደኛው ሲበላ ሁለተኛው ሳይነካ ይቆያል። በአንደኛው ላይ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ሌላው ይተርፋል።

ያለዎት አንድ ወይም ሁለት ላም ከሆነ ግንብ አይሥሩ። ለሁለት ላም የሚመጥነው አፍ 0.8 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በወፍራም የላስቲክ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሚል ማፈን ያዋጣዎታል።

21 ቶን እርጥብ በቆሎ ለማግኘት፣ በደንብ የተዳበረና የታረመ እንደ ቢ ኤች 660 ያለ ረጅም ዝርያ፣ ሦስት ጥማድ ያህል መሬት ይፈልጋል። እሸት ያዘለ በቆሎ ለከብት ማጨድ ለገበሬ ቤት ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ የቤተሰቡ ቀለብ የሚወጣበት ማሳ ከገፈራው ማሳ በዘር ጊዜ ይለይ፤ የቀለቡ አይነካ። እሸቱ ከተለቀመ በኋላ በቀረው አገዳ ብቻ ልሥራ የሚል ሰው ግን ገፈራውን ከነጉልበቱ አያገኘውም፤ የመኖው ኃይል ያለው ፍሬው ላይ ነው።

ቦታ መምረጥ

ከጋጣው እስከ ጉድጓዱ ያለውን መንገድ በየቀኑ 100 ኪሎ ተሸክመው የሚመላለሱበት ስለሆነ ይቅረብ። ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ግን ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃውም በታች በኩል ይሁን። ምክንያቱን ፍሳሹ ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ። ትልቅ ዛፍ ሥር አይሥሩ፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል።

መሬቱ ተዳፋት ቢሆን የኋለኛው ጫፍ ወደ መሬት ገብቶ፣ አፉ በታችኛው በኩል ከሜዳው እኩል ይወጣል። ምርጫ ካለ አፉ ወደ ሰሜን ይዙር። በበጋ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል አጋድላ ስለምትሄድ፣ ወደ ሰሜን የዞረ አፍ አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ይውላል።

ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ሰዎች መቆፈሩን ተዉት። ዋልካ በክረምት ውሃ ይዞ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጉድጓዱም ኩሬ ይሆናል። እዚያ ጥቁሩን አፈር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ መተካትና ወለሉን ከመሬት በላይ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ቁፋሮ፣ መሠረትና ወለል

ውጭኛዎቹ ግንቦች ታች 60፣ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ይወፍራሉ፤ የመሐሉ ግንብ በሁለቱም በኩል ስለሚሾጥጥ ታች 70፣ ላይ 50 ይሆናል። ሁሉም ሲደመር የቁፋሮው ስፋት 4.70 ሜትር፣ ርዝመቱ ከኋላው ግንብ ጋር 11.60 ሜትር ነው። ማዕዘኑን በገመድና በካስማ ይለኩ፤ ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ የሚለኩት ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ከመጡ ቅርጹ ትክክል ነው። የግንቡ መሠረት በጠንካራ ቀይ አፈር 50 ሳንቲ ሜትር ይውረድ።

ወለሉ ከኋላ ወደ አፉ 2 በመቶ ያዘንብል። በ11 ሜትር ውስጥ 22 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ነው፤ በውሃ ልክ ያረጋግጡ። 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተነጥፎ፣ ጠጠር ተሞልቶ፣ ከተጠቀጠቀ በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይፈስበታል። ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። ለሁለቱም ክፍሎች ወለል 3 ሜትር ኩብ ያህል አርማታ፣ ማለትም 22 ከረጢት (11 ኩንታል) ገደማ ሲሚንቶ ይገባል።

እዚህ ላይ ግንበኛው ውሃ እንዳያበዛ አጠገቡ ይቁሙ። በአካፋ ለመግፋት እንዲቀል ብለው ውሃ ሲያበዙበት አርማታው ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ የገፈራ ፈሳሽ ደግሞ አሲድ ስለሆነ በእነዚያ ቀዳዳዎች እየገባ ሲሚንቶውን ይበላዋል። ፊቱ በሊሾ ይለስልስ። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ግንቡ

በ1 ሲሚንቶና በ4 አሸዋ ድንጋዩ ይገነባል። የውጭው ፊት በቱንቢ ቀጥ ይበል፤ የውስጡ ፊት ግን ከታች ወደ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያጋድል። ገፈራው ሲረገጥና ሲሰምጥ ግድግዳው ላይ እየተጠጋ ይወርዳል፤ በግድግዳውና በገፈራው መካከል ክፍተት አይፈጠርም። ቀጥ ያለ ወይም ወደ ውስጥ የዘመመ ግድግዳ ክፍተት ይተዋል፤ አየርም ይገባበታል።

የውስጡ ፊት 1 ለ3 በሆነ ልስን ሁለት እጅ ይለሰን። ሸካራ ቦታ አይቅር። ከግንቡ ውጭ ያለው ክፍተት በአፈር ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ከላይ በኩል የዝናብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ ዙሪያውን ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

ዘንድሮ ለድንጋይ አቅም የለኝም የሚል ቤተሰብ ተስፋ አይቁረጥ። ጠንካራ ቀይ አፈር ካለ፣ በዚሁ ልክ ተቆፍሮ ግድግዳው አጋድሎና ተስተካክሎ፣ ወለሉና ጎኑ በወፍራም ላስቲክ ከተለበሰ ይሠራል። ልኩ ከተጠበቀ በሚቀጥለው ዓመት ግንቡን መጨመር ይቻላል።

ስለ ፍሳሹ

በአፉ በኩል፣ ከሁለቱም ክፍሎች ፊት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሲሚንቶ ቦይ ይሠራ። ቦይው በፕላስቲክ ቱቦ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሚል ይፍሰስ። በቆሎው በትክክለኛው ጊዜ ከታጨደ የሚወጣው ፈሳሽ ትንሽ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከገባ ግን በርሚሉ በየቀኑ ይሞላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት በርሚሉን ይከታተሉ።

ይህ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ብክለት ከተራ የቤት ፍሳሽ 200 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ዓሣ ይገድላል። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቆጋ ዓይነቱ የመስኖ ቦይ ፈጽሞ አይልቀቁት። በእኩል ውሃ አቅጥነው ከውሃ በራቀ ማሳ ላይ በትነው ያፍሱት።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ አደራ እላለሁ። ባዮጋዝ ያላችሁ ቤተሰቦች ፈሳሹን ወደ እበት ጉድጓድ አትቀላቅሉት። አሲዱ ከእበቱ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ጥቂት ትንፋሽ ሰው ይገድላል።

ማጨድና መክተፍ

ሰኔ ላይ የተዘራ በቆሎ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይደርሳል። ቀኑን ግን ፍሬው ይንገርዎት። እሸቱን ከመሐል ሰብረው ፍሬውን ይዩ፤ ከአናቱ በኩል ያለው ጠንካራ ክፍል እስከ ግማሽ ወርዶ ከታች ወተቱ ካለ ጊዜው ነው። ከዚያ የከተፉትን አንድ እፍኝ አጥብቀው ይጨብጡና ይልቀቁ። ጭማቂ በጣትዎ መሐል ከፈሰሰ ገና ነው፤ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተፈታና እጅዎ ብቻ ከረጠበ ተስማሚ ነው። ወዲያው ከተበተነ አልፎበታል፤ በጣም አሳጥረው ከትፈው ከወትሮው አብልጠው ይርገጡት።

ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይጨዱ። ከአፈር ጋር የሚገባ ባክቴሪያ ገፈራውን ያገማዋል። ክትፉ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በገጀራ ይህን ያህል ማሳጠር አድካሚ ስለሆነ የመኖ መክተፊያ ማሽን በኪራይም ቢሆን ያግኙ። ማሽኑ ላይ የሚቆም ሰው ነጠላ ወይም ጋቢ አይልበስ፤ አገዳውን በእጁ ሳይሆን በእንጨት ይግፋ። ልጆች አይጠጉ።

በደጋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ላሉት በቆሎ ስለማይሆንላቸው አጃና ቬች የሚባለውን የጥራጥሬ ዘር መኖ አብረው ዘርተው፣ የአጃው ፍሬ ወተት ሲይዝ ያጭዳሉ። ዝሆኔ ሣር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሣሩን ግማሽ ቀን ያጠውልግ፤ ከዚያ በ100 ኪሎ ሣር 3 ወይም 4 ኪሎ ሞላሰስ በእኩል ውሃ በጥብጦ ይርጭበት። ለበቆሎ ሞላሰስ አያስፈልግም፤ ስኳሩ ከራሱ ይበቃዋል።

መርገጥ

ሥራው የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። ወንፈል ሲጠራ አብዛኛው ሰው ማጨድና መሸከም ላይ ይሰማራል፤ መርገጡ ለሁለት ልጆች ይተዋል። ይህ መገልበጥ አለበት። የሚረግጡት ሰዎች ከሚያቀርቡት ያነሱ እንዳይሆኑ፤ ረጋጮቹ ካልደረሱ የማሽኑ ሥራ ይቁም። ምሳም በተራ ይበላ እንጂ ሁሉም አንድ ጊዜ አይውጣ።

ከመሙላቱ በፊት ጎኖቹን በላስቲክ አልብሱ፤ ላስቲኩ ከግንቡ በላይ አልፎ ወደ ውጭ ሁለት ሜትር ያህል ይንጠልጠል። ክትፉን ከኋለኛው ግንብ ጀምረው እያነጠፉ ወደ አፉ ይምጡ። በአንድ ጊዜ የሚነጠፈው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። እያንዳንዱ ንጣፍ መጀመሪያ በታጠበ ቦቲ ይረገጥ፤ ከዚያ ውሃ የተሞላ 200 ሊትር በርሚል ወዲያና ወዲህ ይንከባለልበት። በርሚሉ ግድግዳው ጥግ ድረስ ስለማይደርስ ዳር ዳሩን በእግር ሁለት እጥፍ ይርገጡ። ሲከፈት ሻጋታ የሚገኘው ሁልጊዜ ያ ጥግ ላይ ነው።

በቃ የሚባለው መቼ ነው? ተረከዝ ሲጫን ካልሰመጠ፣ ጣትም ሲወጋ ከአንጓ በላይ ካልገባ የሚቀጥለውን ያንጥፉ። አንድ ክፍል በሁለት ቀን ይለቅ፤ ሦስት ቀን የመጨረሻው ነው። ማታ ማታ በላስቲክ ይሸፈን። ዝናብ ከመጣ ሥራው ይቁም።

ማፈን

ከግንቡ በላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ መሐሉ ጎበጥ እስኪል ይሙሉ፤ ሲሰምጥ ይስተካከላል፣ ዝናብም አይቋጥርም። የተንጠለጠለውን የጎን ላስቲክ ወደ ላይ አጥፈው፣ ሌላ ሙሉ ላስቲክ ከላይ ደርበው አፉን ጨምሮ ያልብሱ። ጠላ ጠማቂ የጋኑን አፍ በጭቃ እንደምትመርገው ሁሉ፣ እዚህም አንዲት የአየር መግቢያ አትቅር። ከላይ አሮጌ ጎማ እርስ በርሱ እየተነካካ ይደርደር፤ ጎማ ከሌለ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ይሆናል። ጠርዝ ጠርዙን በአፈር ይቅበሩት።

ዙሪያውን በእሾህ ያጥሩ። ከብት ከወጣበት ወይም ዶሮ ከጫረው ላስቲኩ ይቀደዳል። በየሳምንቱ ዞረው ይዩ፤ ቀዳዳ ሲያገኙ ወዲያውኑ በፕላስተር ይለጥፉ።

ከታፈነ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ጉድጓዱ ውስጥ ማንም አይግባ፣ አጠገቡም ልጅ አይጫወት። ቢጫ ወይም ቡናማ ጭስ ወይም የሚቆረቁር ሽታ ካለ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነውና ይራቁ፤ ሳንባ ያቃጥላል።

መክፈትና መመገብ

ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያ የአፉን ላስቲክ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃ ያህል ብቻ ገልጠው፣ ፊቱን ከላይ እስከ ታች በስለታም አካፋ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ከመሐል መቦርቦር ወይም በሹካ እየነቀሉ ማፍታታት አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። በየቀኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በሚያዝያ ሙቀት ቢቻል ከዚያም በላይ ይቀንሱ። ላሞችዎ ከቀነሱ ደግሞ ጥጃና ጊደሮቹን ጨምረው ያበሉ እንጂ ፊቱ ሳይነካ ቀን አይደር።

ጥሩ ገፈራ ቀለሙ ቢጫ አረንጓዴ፣ ሽታው ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ነው። እጅ ላይ የሚቀር የግማት ሽታ ካለው ወይም ከላቆጠ ተበላሽቷል። የሻገተውን ቆርጠው ይጣሉ፤ ለየትኛዋም ላም፣ ይልቁንም ለእርጉዟ፣ አይስጡ። ከሻጋታ የሚመጣ አፍላቶክሲን ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱንም የሚጠጡት ልጆቻችን ናቸው።

ላሟን በ5 ኪሎ ጀምረው በአሥር ቀን ውስጥ ወደ 20 ያሳድጉ። የሚሰጠው ከታለበች በኋላ ነው፤ ከመታለቧ በፊት ከሆነ ሽታው ወተቱ ውስጥ ይገባል። የበቆሎ ገፈራ ኃይል ቢኖረውም ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም አልፋልፋ አብሮ ይቅረብ። ድርቆሹም አይቋረጥ።

ሰኔ ላይ ጉድጓዱ ሲያልቅ ወለሉንና ግድግዳውን በውሃና በመጥረጊያ አጥበው፣ አሲድ የበላውን ልስን በ1 ለ3 ድብልቅ ይጠግኑ። ላስቲኩ ታጥቦና ደርቆ አይጥ በማያገኘው ቦታ ይሰቀል። ክረምቱ ሳይበረታ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩ ተጠርጎ፣ የተቀበረው በርሚልም ባዶ ሆኖ ይከደን።